ጎንደር ላይ የዩኒቨርሲቲ መምህርነት ለምትፈልጉ፣ ከቅጥሩ እስከ ሪሰርቹ ያየሁትን ልንገራችሁ

ሰሞኑን ማስተርሳቸውን የጨረሱ ልጆች በውስጥ መስመር እየጠየቁኝ ነው። ጎንደር ላይ ቅጥር ሲወጣ እንዴት ነው የሚገባው፣ ዘመድ የሌለው ሰው ይሆንለታል ወይ፣ ገብተንስ ሪሰርች የምንሰራው በምን ብር ነው ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ተራ በተራ ከምመልስ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው ብዬ ነው። እኔ ሜዲካል ፓራሳይቶሎጂ (ሰውን የሚያሳምሙ ጥገኛ ተህዋስያንን የሚያጠና ትምህርት) ነው ያጠናሁት፣ የወሎ ልጅ ነኝ፣ ጎንደር ከመምጣቴ በፊት ሌላ ቦታ አስተምሬያለሁ (ስሙን አልጠራም)፣ ስለዚ የማወራው በጤናው በኩል ያየሁትን ነው፣ ኢንጂነሪንግ ወይ ህግ ወይ ሶሻል ያላችሁ ልጆች ዝርዝሩ ሊለያይባችሁ ይችላል።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልበላችሁ። ስራ ስትፈልጉ ከተማውንና ደሞዙን ብቻ አትዩ፣ የምትገቡበት ዲፓርትመንት ውስጥ ማን ምን እያጠና እንደሆነ እዩ። ደሞዙ ያው የመንግስት ስኬል ነው፣ የትም ብትሄዱ ሌክቸረር ሌክቸረር ነው። የሚለያየው አብሯችሁ የሚሰራው ሰው ነው። እኔ መጀመሪያ የነበርኩበት ቦታ ተማሪዎቹ ጎበዞች ነበሩ፣ ስታፉም ፍቅር ነበር፣ ግን በኔ ፊልድ የሚያጠና ሰው አልነበረም። ማይክሮስኮፕ አለ ሪኤጀንት የለም። ፕሮፖዛል ጽፌ የሚያነብልኝ ሲኒየር አጣሁ። አስተምራለሁ፣ ፈተና አርማለሁ፣ ቤቴ እገባለሁ፣ በቃ። እንደዛ ሆኖ አመታት ሲያልፉ ሰው ሳይታወቀው ከሙያው ይርቃል፣ ያ ነው ያስፈራኝና ማስታወቂያ መከታተል የጀመርኩት።

ማስታወቂያው የሚወጣው አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ፣ በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽና ፌስቡክ ገጽ ላይ፣ ግቢ ውስጥም ሰሌዳ ላይ ነው፣ ከዛ የቴሌግራም ስራ ቻናሎች ፎቶውን ወስደው ይለጥፉታል። ችግሩ ፎቶው ሲለጠፍ ብዙ ጊዜ ይቆረጣል፣ የታችኛው ማሳሰቢያ አይታይም፣ ዋናው ነገር ያለው ደግሞ እዛ ጋ ነው። የመመዝገቢያ ቦታው፣ በውክልና ይቻላል ወይ የሚለው፣ ኦሪጅናል ይዛችሁ ቅረቡ የሚለው ሁሉ ከታች ነው የሚጻፈው። ስለዚ ሙሉውን ፈልጋችሁ አንብቡ። "ተከታታይ የስራ ቀናት" ካለ ቅዳሜና እሁድ በዓልም አይቆጠርም፣ ግን የመጨረሻውን ቀን አትጠብቁ፣ በተለይ ከሩቅ የምትመጡ። እና ደግሞ ብር ስጡኝ ላስገባችሁ የሚል ሰው ካገኛችሁ ስልኩን ዝጉበት። እኔ ጎንደር ላይ ማንንም አላውቅም ነበር። በፈተና ነው የገባሁት፣ አብረውኝ የገቡትም እንደዛው።

ዶክመንት ላይ ብዙ ጎበዝ ልጅ ሲወድቅ አይቻለሁ፣ እዚ ጋ ትንሽ ልቆይ። የዲግሪና የማስተርስ ዲፕሎማ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የ8ኛ የ10ኛ የ12ኛ ክፍል ካርድ፣ ጤና ከሆናችሁ የሙያ ፈቃድ፣ ስራ ላይ የነበራችሁ ደግሞ የስራ ልምድና መልቀቂያ ትጠየቃላችሁ። ስራ ልምዱ ከግል ድርጅት ከሆነ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚገልጽ መሆን አለበት፣ ያለዛ አይያዝላችሁም። ኮስት ሼሪንግ ያልጨረሳችሁ ኦሪጅናል ዲግሪያችሁ እጃችሁ ላይ ላይኖር ይችላል፣ ቴምፖ (ጊዜያዊውን ዲግሪ) ይዛችሁ ትመዘገቡ ይሆናል ግን በኋላ መጠየቃችሁ አይቀርም። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከተማራችሁበት ሬጅስትራር በቀጥታ ነው የሚላከው፣ ጊዜ ይወስዳል፣ አሁኑኑ አስጀምሩት። ከግል ኮሌጅ ወይ ከውጭ አገር የተማራችሁ ደግሞ የትምህርትና ስልጠና ባለስልጣን ዲግሪያችሁን እንዲያረጋግጥላችሁ ቀድማችሁ ሂዱ። የስም ነገር ደግሞ አለ፣ 8ኛ ክፍል ካርድ ላይ የአያት ስም አንድ ፊደል ተቀይሮ ዲግሪው ላይ ሌላ ሆኖ ስንቱ ተንከራቷል መሰላችሁ። ዛሬ ማታ ሁሉንም ወረቀታችሁን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ስማችሁን ፊደል በፊደል አስተያዩ፣ ልዩነት ካለ ማስታወቂያ ሳይወጣ አስተካክሉት።

ሌላው የትምህርት መስኩ ስም ነው። ማስታወቂያው "ሜዲካል ፓራሳይቶሎጂ" ይላል፣ የናንተ ዲግሪ "ትሮፒካል ኤንድ ኢንፌክሽየስ ዲዚዝስ" ይላል እንበል። የሰው ሀብት ክፍሉ የሚያየው የተጻፈውን ስም ነው እንጂ ምን ኮርስ እንደወሰዳችሁ አያውቅም፣ አይፈረድበትም። ዲፓርትመንቱን ቀድማችሁ አናግሩ፣ ተዛማጅ ነው ካሉ በማስታወቂያው ላይ ወይ በደብዳቤ እንዲገለጽ ጠይቁ። ከተዘጋ በኋላ ቅሬታ ማስገባት ይቻላል ግን አድካሚ ነው።

ከዛ የሚቀጥለው የጽሁፍ ፈተና፣ ቃለ መጠይቅና ዲሞ ነው፣ ዲሞ ማለት ስታፉ ፊት ቆማችሁ የምታስተምሩት። ሴቶችና አካል ጉዳተኞች የድጋፍ ነጥብ አላቸው፣ ማስታወቂያው ላይ ካለ ተጠቀሙበት፣ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ዲሞው ላይ ሰው የሚወድቀው ባለማወቅ አይደለም፣ በተሰጠው አጭር ሰአት የሚያውቀውን ሁሉ ለማፍሰስ ሲሞክር ነው። ወባ ከደረሳችሁ ሙሉ የህይወት ዑደቱን ከትንኝ እስከ ጉበት ልንገራችሁ አትበሉ። እኔ የመረጥኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ወፍራምና ቀጭን የደም ስሚር (መስታወት ላይ የተቀባ ደም) ለምን ሁለቱም ያስፈልጋሉ የሚለውን። ወፍራሙ ላይ ደሙ ብዙ ስለሆነና ቀይ የደም ሴሎቹ ስለሚፈነዱ ፓራሳይቱ ጥቂትም ቢሆን ይገኛል፣ ቀጭኑ ግን በሜታኖል ስለሚጸና ሴሉ ቅርጹን ይዞ ይቆያል፣ ስለዚ የወባው አይነት ፋልሲፓረም ይሁን ቫይቫክስ መለየት ይቻላል፣ እኛ አገር ደግሞ ዋናዎቹ ሁለቱ ናቸው፣ መድሀኒታቸውም አንድ አይደለም። ሰሌዳው ላይ ሳልኩት፣ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ፣ መልሱን ጠበቅኩ። ከገባሁ በኋላ ከገምጋሚዎቹ አንዱ የወደዱት ዝም ብዬ መልስ መጠበቄን እንደሆነ ነገሩኝ።

ቃለ መጠይቁ ላይ ለምን ጎንደር የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ታሪካዊ ከተማ ስለሆነች፣ ፋሲል ግቢ ስላለ አይደለም መልሱ። የዚህ ዩኒቨርሲቲ ስራ ከምን እንደተነሳ እወቁ። እ.ኤ.አ. በ1953 ደንቢያ ላይ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ተነስቶ ብዙ ህዝብ አለቀ፣ በሚቀጥለው አመት በ1954 እዚ ጎንደር ላይ የህብረተሰብ ጤና ኮሌጅና ማሰልጠኛ ተከፈተ፣ ጤና መኮንን፣ የማህበረሰብ ነርስ፣ ሳኒታሪያን አንድ ላይ የሚሰለጥኑበት። ገና ሲጀመር ሆስፒታል ውስጥ ለመቀመጥ ሳይሆን ገጠር ለመውረድ የተሰራ ቤት ነው። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1978 ጀርመን ካለው የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የህክምና ፋኩልቲው መጣ፣ ኮሌጅ ሆነ፣ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፣ አሁን ደግሞ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው ከተለዩት 8ቱ አንዱ ነው። ያ የገጠር ጠባይ ግን አሁንም አለ። ቲቲፒ የምንለው ፕሮግራም ተመራቂ የጤና ተማሪዎችን በቡድን አድርጎ ጤና ጣቢያ ያወርዳቸዋል፣ ጤና መኮንኑ፣ ነርሷ፣ ላብራቶሪው፣ ሳኒታሪያኑ አንድ ቤት እየኖሩ አንድ ላይ ይሰራሉ፣ መምህሩም ሱፐርቪዥን ይወጣል። ዳባት ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ለቀቀ፣ ማን ገባ እየተባለ ቤት ለቤት የሚመዘገብበት የምርምር ማዕከል አለ። ይሄን አውቆ የመጣ ሰውና ዝም ብሎ ያመለከተ ሰው ቃለ መጠይቅ ላይ ወዲያው ነው የሚለየው።

የኔን ልብ የወሰደው ካላዛር ነው፣ ሌሽማኒያ የሚባል ፓራሳይት የሚያመጣው፣ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ የሌሽማኒያሲስ ምርምርና ህክምና ማዕከል አለ፣ ተኝተው የሚታከሙት አብዛኞቹ ወጣት ወንዶች ናቸው፣ ሰሊጥ ለመሰብሰብ መተማና ሁመራ የወረዱ የደጋ ልጆች። ጥቁር አፈር መሬት ላይ ግራር ስር ያድራሉ፣ የአሸዋ ዝንቧ ትነክሳቸዋለች፣ ከወራት በኋላ ሆዳቸው አብጦ፣ ሰውነታቸው አልቆ፣ ትኩሳቱ አልለቅ ብሏቸው ይመጣሉ። ደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም ላይ እ.ኤ.አ. በ2004 እና 2005 የሆነውን የኛ ሰው ሁሉ ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። እዛ ደጋ ላይ ካላዛር አይታወቅም ነበር፣ ሰዉ በትኩሳት ሲወድቅ ወባ ነው፣ መድሀኒት የለመደ ወባ ነው ተባለ፣ የወባ መድሀኒት ተሰጠ፣ ሰው እየሞተ ቆየ፣ ካላዛር መሆኑ የታወቀው ዘግይቶ ነው። ተማሪዎቼ ስላይድ ሰልችቷቸው ሳይ ይሄን ነው የምነግራቸው።

እና ደግሞ ውጤት አለው ስራው። ለአመታት የተለመደው ህክምና 17 ቀን ሙሉ በየቀኑ ሁለት መርፌ ነው፣ ኤስኤስጂና ፓሮሞማይሲን የሚባሉ መድሀኒቶች፣ መርፌው ያማል፣ ኤስኤስጂው ልብም ይጎዳል። በኢትዮጵያ በኬንያ በሱዳንና በኡጋንዳ የተሰራ ጥናት፣ ጎንደርም ያለበት፣ በሚዋጠው ሚልቴፎሲን እና በፓሮሞማይሲን 14 ቀን ማከም ከድሮው ጋር የሚመጣጠን ውጤት እንዳለው አሳየ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ነው የታተመው። ኤችአይቪም ካላዛርም ላለባቸው ደግሞ የአለም ጤና ድርጅት በዛው በ2022 መመሪያውን ሲቀይር መሰረት ካደረጋቸው ጥናቶች ውስጥ እዚሁ የተሰራ አለበት። አስቡት፣ ከናንተ ቢሮ በእግር በሚደረስበት ዋርድ ውስጥ የተኛ በሽተኛ የሰጠው መረጃ የሌላ አገር ሀኪም የሚያዘውን መድሀኒት ይቀይራል። እኔ ይሄ ነው ደሞዙ ሲያጥረኝም የሚያቆየኝ።

ታዲያ አዲስ ሌክቸረር እንዴት ነው ከዚ ውስጥ የሚገባው? ብቻችሁን ትልቅ ፕሮፖዛል ጽፋችሁ አይደለም። የገባሁ ሰሞን አንድ ሲኒየር ዶክተር ቢሮ ሄጄ እርስዎ የሚሰሩት ላይ የሚጎድል እጅ ካለ ልስራ አልኳቸው፣ "አንቺ ልጅ ስላይድ ማንበብ ትችያለሽ?" አሉኝ፣ እችላለሁ አልኩ፣ በቃ ከዛ ቀን ጀምሮ ነው የተጀመረው። ጣና ዳር ጎርጎራ በኩልና ሳንጃ አካባቢ ቢልሃርዚያ አለ፣ ቡድናቸው የትምህርት ቤት ልጆችን ሰገራ እየመረመረ ነበር። ካቶ ካትዝ (የትል እንቁላል የሚቆጠርበት የሰገራ ስላይድ) ማዘጋጀት፣ እንቁላሉን መቁጠር፣ ድጋሚ ሌላ ሰው አንብቦ ማመሳከር፣ ይሄ ሁሉ ሰልቺ ነው የሚመስለው ግን ሪሰርች የሚለመደው እዛ ነው። አበጥረው የሚጽፉ ሰዎች አጠገብ ተቀምጣችሁ ዳታው ሲጸዳ፣ ሰንጠረዡ ሲሰራ፣ ሪቪወር ሲመልስ ታያላችሁ። ስማችሁ ስንተኛ ላይ እንደሚገባ ግን ስራው ሳይጀመር በግልጽ ተነጋገሩ፣ ነውር አይደለም፣ ፕሮሞሽን ላይ የደራሲ ቅደም ተከተል ነጥብ አለው፣ በኋላ ከመኳረፍ ቀድሞ ማውራት ይሻላል።

አንድ ቀን ናሙና ልንሰበስብ ከሄድንበት ትምህርት ቤት አንድ አባት ልጃቸውን ይዘው መጡና "ልጄ፣ ባለፈውም መጥተው ወስደው ሄደዋል፣ መልሱን ማን ያምጣልን?" አሉኝ። ቡድናችን ውጤቱን እዛው አይቶ እዛው የሚያክም ስለነበር ይዣቸው ሄጄ አሳየኋቸው፣ ለቢልሃርዚያ ፕራዚኳንቴል በልጁ ኪሎ ልክ፣ ለወስፋትና ለመንጠቆ ትል አልቤንዳዞል። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ሌሎቹን ወላጆች ጠሩልን። ግን የተናገሩት ነገር ከውስጤ አልወጣም። ፕሮፖዛል ስትጽፉ ህክምናውንና ውጤቱን ለቀበሌው መልሶ ማስረዳቱን በጀት አስይዙለት፣ ኋላ ከተረፈ እናደርገዋለን አትበሉ፣ አይተርፍም። የስነ ምግባር ኮሚቴውም ይሄን ይጠይቃችኋል፣ ተገቢም ነው።

ፊልድ ስትወጡ ደብዳቤ ነው ሁሉም። ከዩኒቨርሲቲው ለዞን ጤና፣ ከዞን ለወረዳ፣ ከወረዳ ለቀበሌና ለጤና ጣቢያ። አንዱን ዘላችሁ ብትሄዱ ትመለሳላችሁ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ከወረዳው ጤና ጽ/ቤት ሰው በስልክ ሳታረጋግጡ ደግሞ መኪና አታስነሱ፣ እነሱ ያውቃሉ፣ አትሂዱ ካሉ አትሂዱ፣ ዳታ ሌላ ቀን ይሰበሰባል። ዳታውን በኮቦ (ስልክ ላይ የሚሰራ የመረጃ መሰብሰቢያ አፕ) ብትሰበስቡ ያለ ኔትወርክም ይሰራል፣ ኔት ስታገኙ ትልኩታላችሁ። በ2016 ዓ.ም የሞባይል ዳታ በአማራ ክልል ተዘግቶ በነበረ ጊዜ ይሄ ነው ያዳነን፣ ስልኩ ላይ ተቀምጦ ይቆይና ግቢ ዋይፋይ ስናገኝ እንጭነው ነበር።

የብሩን ነገር ደግሞ ማንም ቀድሞ አይነግራችሁም። የዩኒቨርሲቲው የውስጥ ግራንት በየአመቱ ጥሪ ይወጣበታል፣ ተገምግሞ ሲያልፍ ብሩ ቅድመ ክፍያ ሆኖ በዋናው ተመራማሪ ስም ነው የሚወጣው። በስማችሁ ወጣ ማለት እስኪወራረድ ድረስ እዳችሁ ነው፣ ካልተወራረደ ከደሞዝ እስከመቆረጥ ይደርሳል። የበጀት አመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሰኔ ላይ ፋይናንስ ቢሮ በር ላይ ያለው ሰልፍ ሌላ ነው። ስለዚ ገጠር ከወጣችሁበት ቀን ጀምሮ ወረቀቱን ያዙ። ደረሰኝ የማይገኝበት ቦታ ላይ የክፍያ ፎርም አዘጋጁ፣ ስም፣ የቀን ብዛት፣ መጠን፣ ፊርማ፣ ዳታ ሰብሳቢዎቹ የመታወቂያ ኮፒያቸውን ያያይዙ። ደረሰኝ ያለበት ቦታ ቲን ቁጥሩ መኖሩን እዩ። የፋይናንስ ሰራተኞቹን ቀድማችሁ ሄዳችሁ ምን አይነት ፎርም ነው የምትፈልጉት ብላችሁ ጠይቋቸው፣ እኔ ያገኘኋቸው ሴትዮ ናሙናውን ሰጥተውኝ ስንት ምልልስ አስቀሩልኝ፣ እግዜር ይስጣቸው።

ማሳተሙ ላይ ኢሜላችሁ ዛሬ ነገ በግብዣ ይሞላል፣ ክቡር ፕሮፌሰር ሆይ ድንቅ ስራዎን በጆርናላችን እናትምልዎ የሚል፣ ገና ሌክቸረር ሆናችሁ። በጥቂት ቀን እናትማለን ብሎ ብር የሚጠይቅ ከሆነ ሽሹ። ጆርናሉ ስኮፐስ ላይ፣ ወይ ዌብ ኦፍ ሳይንስ ማስተር ሊስት ላይ፣ ወይ ዶአጅ (DOAJ) ላይ መኖሩን ራሳችሁ ገብታችሁ ፈልጉ፣ የታወቁ ጆርናሎች የሚመዘገቡባቸው ዝርዝሮች ናቸው፣ ሶስቱም ላይ ጆርናል መፈለግ በነጻ ነው፣ ጆርናሉ ራሱ ድረ ገጹ ላይ አለሁበት ስላለ አትመኑ። ኢትዮጵያ በሪሰርች ፎር ላይፍ (ለታዳጊ አገሮች ጆርናል በነጻ ወይ በቅናሽ የሚያቀርብ ፕሮግራም) ምድብ ኤ ውስጥ ናት፣ ይሄ ማለት የጤናው ክፍሉ በሆነው በሂናሪ በኩል ለሌላው በውድ የሚሸጡትን ጆርናሎች በነጻ ታነባላችሁ፣ የመግቢያ ቃሉን ላይብረሪ ጠይቁ። የማሳተሚያ ክፍያም ላይ ብዙ አሳታሚ ለኛ አገር ደራሲ ሙሉ በሙሉ ይተዋል ወይ ይቀንሳል፣ ግን መጠየቅ ያለባችሁ ጽሁፉን ስታስገቡ ነው፣ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ስትጠይቁ እምቢ የሚል አለ። ብድር ወስዶ ከኪሱ የከፈለ ልጅ አውቃለሁ፣ ቀድሞ አንድ ቅጽ ቢሞላ ኖሮ አይከፍልም ነበር፣ በጣም ነው ያዘንኩለት።

ስለ ኑሮው ትጠይቃላችሁ። ማራኪ፣ ቀበሌ 18፣ ሳሙና በር አካባቢ ብዙ ስታፍ ይከራያል፣ አዘዞ ትንሽ ረከስ ይላል ግን መንገዱ አለ፣ ሰርቪስ የሚያልፍበትን መንገድ አይታችሁ ተከራዩ፣ ባጃጅ በየቀኑ ከያዛችሁ ደሞዙ እዛው ያልቃል። ቤት ስታዩ መጀመሪያ ውሀ ጠይቁ፣ ሮቶ አለው ወይ፣ ውሀ በስንት ቀን ይመጣል። ጎንደር ውሀ በፈረቃ ነው፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው የሚመጣው። እኔ ያለሁበት ግቢ እትዬ በሌሊት በሬን እያንኳኩ "ተነሽ ልጄ ውሀዋ መጥታለች!" ይሉኛል፣ ሁላችንም ጀሪካን ይዘን እንወጣለን፣ ጎረቤት የሚተዋወቀው እንደውም ያኔ ነው። ደሞዙ ብቻውን ቤተሰብ ላለው ይከብዳል፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ብዙ ሰው ኤክስቴንሽን ያስተምራል፣ የላብራቶሪ ልጆች የግል ክሊኒክ ፓርት ታይም ይሰራሉ፣ የዲፓርትመንት እቁብ አለ፣ እኔ ላፕቶፕ የገዛሁት በእቁብ ነው። ሀዘን ሲደርስባችሁ ግን ብቻችሁን አትሆኑም፣ አባቴ ሲያርፍ ከዲፓርትመንቱ ሰው ተሰባስቦ ወሎ ድረስ መጥቶ አስተዛዝኖኛል፣ ይሄን እስክሞት አልረሳውም። ለጥምቀት ደግሞ እንግዳ ይበዛባችኋል፣ ዘመድ ሁሉ ጎንደር ዘመድ አለኝ ብሎ ይመጣል፣ ፍራሽ ቀድማችሁ ተዋሱ።

ሎዱን በተመለከተ፣ የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ለአዲስ ሰው ኮርስ ይቆለላል፣ አድቫይዚንግ አለ፣ ፈተና መፈተን አለ፣ ኮሚቴ አለ። ኮሚቴ ሁሉ አትጥሉ፣ ፕሮሞሽን ላይ የማስተማር ውጤት፣ ህትመት፣ የማህበረሰብ አገልግሎትና ተሳትፎ ሁሉም ነጥብ አላቸው። የተሳተፋችሁበትን ሁሉ ደብዳቤ እያስጻፋችሁ በአንድ ፋይል አስቀምጡ፣ የዲፓርትመንቱ ሄድ ሲቀየር ማን ምን እንደሰራ የሚመሰክር አይገኝም።

የመጨረሻው ፒኤችዲ ነው፣ ብዙዎቻችሁ የምትመጡት ለሱ ነው መሰለኝ። የትምህርት እድሉ በዲፓርትመንት ተራና ውድድር ነው የሚሄደው፣ ስትገቡ ተራው እንዴት እንደሚያዝ ጠይቃችሁ እወቁ። ስትሄዱ ውል ትፈርማላችሁ፣ ዋስ ትጠራላችሁ፣ ተምራችሁ ስትጨርሱ ተመልሳችሁ የምታገለግሉበት ግዴታ አለ። ዋስ የሚሆንላችሁ ሰው ደሞዙን አስይዞ ነው የሚፈርምላችሁ፣ የሚፈርመውን ወረቀት አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ አንብቡለት። ግዴታ ላይ እያላችሁ ወደሌላ ዩኒቨርሲቲ መዘዋወር ብትፈልጉ ደግሞ ሁለቱ ተቋማት መስማማት አለባቸው፣ በተመሳሳይ ፊልድና ማዕረግ ያለ ሰው አግኝቶ መቀያየር የቀለለው መንገድ እሱ ነው፣ ለሱም ቢሆን የሁለቱም ዲፓርትመንቶች ፈቃድ በጽሁፍ እጃችሁ ሳይገባ ቤታችሁን አትልቀቁ።

ፓራሳይቶሎጂ ወይም ሌላ የላብራቶሪ ትምህርት ያላችሁ ልጆች ዲሞ ላይ የሚከብዳችሁ ርዕስ ካለ ከታች ጻፉልኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ።